ኢንቶክሲካዶ፦ የምናውቀው የሚመስለን ቃል

ሰው በባዕድ አገር ሲኖር የሚፈራው የማያውቀውን ቃል ነው። ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዱ ቃል አይገባንም፤ ስልካችንን እናወጣለን ወይም ልጃችንን እንጠራለን። የማናውቀው ቃል ቢያንስ ያስቆመናል። «ቆይ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ያሰኘናል። ከእሱ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው ሌላ ዓይነት ቃል ነው፤ የምናውቀው የሚመስለን። እሱ ማንንም አያስቆምም። ተናጋሪው የተናገረ ይመስለዋል፣ ሰሚው የሰማ ይመስለዋል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህን ለማሳየት ከአንድ የስፓኒሽ ቃል የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቃሉ «ኢንቶክሲካዶ» ነው። አሜሪካ ውስጥ ስለ ሕክምና አስተርጓሚነት በተነሳ ቁጥር ታሪኩ ይጠቀሳል። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ሲነገር ብዙም ስለማልሰማ እስቲ ከታሪኩ ልጀምር።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1980 ነው፤ ቦታው ደቡብ ፍሎሪዳ። አንድ የ18 ዓመት ወጣት ድንገት ከባድ ራስ ምታት ይይዘውና ራሱን ይስታል። ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወስዱታል። ቤተሰቡ ከኩባ የመጡ ናቸው፤ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች። ልጁ በልቶት የነበረ ሃምበርገር በደንብ ሳይበስል ቀርቶ እንዳመመው ጠርጥረዋል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሲያስረዱ «ኢንቶክሲካዶ» የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። በእነሱ ቋንቋ «የበላው ነገር መርዞታል» ማለታቸው ነበር።

ሐኪሙ የሰማው ግን «ኢንቶክሲኬትድ» የሚለውን የራሱን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ ይሄ ቃል ሰክሯል፣ ጦዟል፣ አደንዛዥ ነገር ወስዷል ማለት ነው። ወጣት ልጅ፣ ራሱን የሳተ፣ ቤተሰቡ ራሳቸው «ወስዷል» ብለዋል። ለሐኪሙ ሥዕሉ ሙሉ ሆነ። ልጁ ዕፅ ከመጠን በላይ እንደወሰደ ሰው ይታከም ጀመር።

ልጁ ዕፅ አልወሰደም። የመረዘው ምግብም አልነበረም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ይህ የታወቀው ከሁለት ቀን በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል፤ ሁለቱም እጆቹና ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጉዳዩ ወደ ክስ ሄዶ በስምምነት ሲያልቅ፣ ለዕድሜ ልክ እንክብካቤው የሚከፈለው ገንዘብ ተደምሮ 71 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሳል ተባለ። ለዚህም ነው ጉዳዩን «የ71 ሚሊዮን ዶላሩ ቃል» እያሉ የሚያነሱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤተሰቡም ግምታቸው ልክ አልነበረም። የምግብ መመረዝ አልነበረምና። ግን የእነሱ ግምት ስህተት መሆኑ ብቻውን ያን ያህል አይጎዳም ነበር። ሐኪም የሚሠራው የቤተሰብን ግምት ሰምቶ፣ ከምልክቱ ጋር አስተያይቶ፣ «አይ፣ ይሄ የምግብ መመረዝ አይመስልም፤ ሌላ ነገር እንፈልግ» ማለት ነው። የበሰበሰ ሥጋ የበላ ሰው በድንገተኛ ራስ ምታት ራሱን ስቶ አይወድቅም። በትክክል ተተርጉሞ ቢሆን ኖሮ ግምቱ ራሱ ሐኪሙን ያጠራጥረው ነበር። የተሳሳተው ትርጉም ግን ከምልክቱ ጋር ገጠመ። ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም።

አንድ ቃል፣ ብዙ ፍቺ

ለመሆኑ «ኢንቶክሲካዶ» በእንግሊዝኛ ምን ተብሎ ነው መተርጎም ያለበት? መልሱ «እንደ ሁኔታው» ነው። ምግብ የመረዘው ሰው ኢንቶክሲካዶ ነው፤ ሴት ከሆነች ኢንቶክሲካዳ። በከሰል ጭስ የታፈነም ኢንቶክሲካዶ ነው። መድኃኒት ያልተስማማው ወይም የበዛበትም እንዲሁ። ኩባዎች ዘንድ ደግሞ ቃሉ ሰፋ ይላል፤ የበላው ወይም የጠጣው ነገር ሰውነቱን ያሳከከው፣ ያቅለሸለሸው ሁሉ በዚሁ ቃል ይጠራል። አልኮል የመረዘውንም ሊጨምር ይችላል። ሰከረ ለማለት ግን ስፓኒሽ ተናጋሪ በተራ ንግግር ሌላ ቃል አለው፤ «ቦራቾ» ይላል። እንግሊዝኛው ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የተለያየ አባባል ይጠቀማል። ስፓኒሹ በአንድ ጃንጥላ ሥር የሰበሰባቸውን እንግሊዝኛው በየቤታቸው አስገብቷቸዋል።

የሚገርመው ሁለቱ ቃላት ወንድማማቾች መሆናቸው ነው። ሁለቱም በላቲን በኩል ከግሪክ የመጡ ናቸው። በግሪክ «ቶክሶን» ቀስት ነው፤ የፍላጻ ጫፍ የሚቀባው መርዝ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛውም ድሮ ትርጉሙ መመረዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወደ ስካር ጠበበ። ስፓኒሹ እዚያው መርዙ ጋ ቀረ። ከአንድ እናት ተወልደው ሁለት የተለያየ አገር ያደጉ ወንድማማቾች ማለት ናቸው፤ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ፕሮግራም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሚጀምረው በሠንጠረዥ ነው፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ የሌላው ቋንቋ ቃል። ለኮምፒውተር ይመቻል። ጎበዝ ተርጓሚ ግን ሠንጠረዡን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይሄ ቃል የት ነው የሚታየው?» ብሎ ነው። «ሴቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ውሰዱ። ፋይል ላይ ከሆነ አስቀምጥ ነው፤ ገንዘብ ላይ ከሆነ ቆጥብ ነው፤ ነፍስ ላይ ከሆነ አድን ነው። ስፓኒሹም እንደ እኛ በሦስት ይከፍለዋል፤ ጓርዳር፣ አዎራር፣ ሳልባር ይላል። ተርጓሚው ቦታውን ካላየ ባንክ ውስጥ «ገንዘብዎን ያድኑ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እዚያ ስቀን እናልፋለን። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን የሚያስቅ ነገር የለም።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎች በእንግሊዝኛ አገር የሚገጥማቸው ይሄ አንድ ቃል ብቻ አይደለም። «ኤምባራሳዳ» የምትል ሴት አፈርኩ ማለቷ አይደለም፣ እርጉዝ ነኝ እያለች ነው፤ ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን «ኤምባራስድ» ይመስላል። ከስፔን የመጣ ሰው «ኮንስቲፓዶ» ነኝ ካለ ጉንፋን ይዞታል፤ እንግሊዝኛው ሐኪም የሆድ ድርቀት መድኃኒት እንዳያዝለት ያስፈራል። ከሁሉም የሚገርመኝ ደግሞ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለው ነው። በእንግሊዝኛ «በቀን አንድ ጊዜ» ለማለት የሚጻፈው «ዋንስ» የሚለው ቃል በፊደሉ ከስፓኒሹ «ኦንሴ» ጋር ልክ አንድ ነው፤ አንድም ፊደል አይለይም። «ኦንሴ» ግን አሥራ አንድ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ስፓኒሽ ተናጋሪ ብልቃጡን ቢያነብ የሚያየው «በቀን 11» ነው። የደም ግፊት ክኒን በቀን አሥራ አንድ ጊዜ!

በፍሎሪዳው ጉዳይ እኔን የሚያሳዝነኝ አስተርጓሚ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። ማንም አልጠየቀም። ሐኪሙ ቤተሰቡ የሚሉት የገባው መስሎታል፤ ቤተሰቡም ያስረዱ መስሏቸዋል። አንዳቸውም «አልገባኝም» ቢሉ ኖሮ አስተርጓሚ ይጠራ ነበር። ልጁን የጎዳው ያለመግባባት ሳይሆን የተግባቡ መምሰል ነው።

ይሄ የእነሱ ጣጣ ብቻ ነው?

አይደለም። እስቲ የእኛን አማርኛ ወደ ሐኪም ቤት ይዘነው እንግባ።

አንዲት እናት «ድሮ የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር» ይላሉ። እኛ ገባን፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ጉበታቸው ታሞ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ ቃል በቃል «የወፍ በሽታ» ብሎ በእንግሊዝኛ ቢያስተላልፈውስ? ሐኪሙ የሚያውቀው የወፍ በሽታ የወፍ ጉንፋን ነው፤ ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፈው። ስለ ጉበት መጠየቅ ሲገባው ስለ ዶሮ እርባታ መጠየቅ ይጀምራል። ወይም አባት «አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ» ይላሉ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ከሆነ አልማዝ ማን እንደሆነች ሊጠይቅ ይችላል፤ አልማዝ የእሱ አክስት ናትና። እነዚህ ግን አሁንም ቀላሎቹ ናቸው፤ እንግዳ ስለሚመስሉ ያስቆማሉ። ከባዶቹ የማያስቆሙት ናቸው።

«እግሬን አመመኝ» እንላለን። በአማርኛ ከጭን ጀምሮ እስከ ጣት ድረስ እግር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ከቁርጭምጭሚት በታችና በላይ ሁለት የተለያየ ስም ይሰጠዋል። እጅም እንዲሁ ነው። ባቱ አብጦ የሚያመውን ሰው ታናሽ ወንድሙ «መርገጫውን አመመው» በሚለው ቃል ቢያስተረጉምለት ሐኪሙ ጫማውን አስወልቆ ጣቱን ያየዋል። ባት ማበጥ ደግሞ የደም መርጋት ምልክት ሊሆን የሚችል፣ ሳያዩ የማያልፉት ነገር ነው።

«ኪንታሮት አለብኝ» ሲባልስ? በአማርኛ መቀመጫ ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት ነው፤ ቆዳ ላይ የሚወጣውም ኪንታሮት ነው። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ፈጽሞ አይገናኙም፤ ሕክምናቸውም አይገናኝም። «ደሜ ወርዷል» ሲባል አንዱ የደም ግፊቱን ማለቱ ነው፣ ሌላው የደም ማነስ አለብኝ ማለቱ ነው። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚሉ እናት ደግሞ አሉ። ሆዳቸው ምንም አልሆነም፤ የከፋቸው፣ የጨነቃቸው ናቸው። ልጃቸው «ሆዷን ያማታል» ብሎ ቢተረጉም የሆድ ምርመራ ይታዘዛል፤ ውጤቱ «ምንም የለም» ይላል፤ ጭንቀታቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

በዓረብ አገራት ያላችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ደግሞ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ጋር የሚመሳሰል ችግር አለባችሁ፤ ወንድማማች ቃላት አሉባችሁና። አማርኛና ዓረብኛ ብዙ ይጋራሉ። «ሱቅ» በእኛ ትንሽ መደብር ናት፤ በእነሱ ገበያው በሙሉ ነው። ይሄ ቢሳሳት ጉዳት የለውም። «ቀልብ»ን ግን እዩት። በእኛ ቀልብ ማለት ሐሳብ፣ ትኩረት፣ መረጋጋት ነው፤ «ቀልቤን ገፎት» እንላለን። በዓረብኛ «ቀልብ» ልብ ነው፤ ደረት ውስጥ የሚመታው ሥጋ። ዓረብኛ በጆሮዋ ብቻ የለመደች ልጅ ለሐኪም ስለ ቀልቧ ብትነግረው እሱ የሚሰማው ስለ ልብ ሕመም ነው። እሱ ስለ «ቀልብ» ቢጠይቃት ደግሞ እሷ ስለ ሐሳቧ ልትመልስ ትችላለች። ሁለቱም ገባን ይላሉ። የኢንቶክሲካዶ መንታ ማለት ይሄ ነው።

ቃሉ በትክክል ተተርጉሞ እንኳ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ሰዓትን ውሰዱ። ሐኪሙ መድኃኒቱን «ስምንት ሰዓት ላይ» ብሎ ያዛል። አስተርጓሚው ቁጥሩን አሳምሮ «ስምንት» ይላል። አዲስ የመጣ ኢትዮጵያዊ ጠዋት ሊውጠው የታዘዘውን ክኒን ከምሳ በኋላ ይውጠዋል፤ ለእሱ የጠዋቱ «ስምንት» ሁለት ሰዓት ነውና። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ትርጉሙ ግን በስድስት ሰዓት ስቷል።

ነገሩ ከሐኪም ቤት ውጪም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «በየቀኑ ይመታል» ብዬ ብጽፍ መቺው ነው ወይስ ተመቺው? ስናነበው አፋችን ይለየዋል፤ ወረቀቱ ግን አይለየውም። ይህ ዓረፍተ ነገር በፍርድ ቤት ማመልከቻ ወይም በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ቢጻፍና የሚተረጉመው ሰው ወይም ማሽን አንዱን መርጦ ቢያልፍ፣ ተበዳዩ በዳይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ስልኩና ልጁ

«አሁን እኮ ስልካችን ይተረጉማል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጉግል ትርጉም አማርኛን ከጨመረ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ነገሩ በጣም ተለውጧል። እኔም እጠቀምበታለሁ፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ከቤት አከራይ የመጣ ማስታወቂያ ሲያጋጥም። የሙያ ባልደረቦቼ የሠሩትን አላጣጥልም። ነገር ግን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። ማሽኑ ብዙ ጽሑፍ ካየ በኋላ «ከዚህ በኋላ የትኛው ቃል ይመጣ ይሆን?» እያለ በጣም የሚመስለውን ይመርጣል። የሚመስለው ደግሞ ሁልጊዜ የሆነው አይደለም። አማርኛ የተጻፈ ነገር በኢንተርኔት ላይ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ግምቱ በእኛ ቋንቋ ይበልጥ ይደክማል።

ትልቁ ችግር ግን መሳሳቱ አይደለም፤ ሰውም ይሳሳታል። ችግሩ ሲሳሳትም አነጋገሩ ያማረ መሆኑ ነው። ድሮ የማሽን ትርጉም ሲሳሳት ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይፈርስ ስለነበር ያስታውቅ ነበር። አሁን የተሳሳተውም የተቃናውም እኩል ያምራል። ሙያውን የሚያውቅ አስተርጓሚ «ኪንታሮት» ሲሰማ ቆም ብሎ «የቱን ነው የሚሉት? የቆዳውን ወይስ የመቀመጫውን?» ብሎ ይጠይቃል። ስልኩ ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቅ አንዱን ይመርጥና ይቀጥላል። ፍሎሪዳ ውስጥ የጎደለችው ያቺ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ «ምን ማለታችሁ ነው?»

ስለ ልጆቻችንም እናውራ። ልጅ ለወላጁ ማስተርጎሙ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ከፍቅርም የመጣ ነው። ይሁንና ልጅን አስተርጓሚ ስናደርግ ሁለት ነገር እናጣለን። አንደኛ፣ ልጁ የሚያውቀው የወጥ ቤት አማርኛና የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ «ኩላሊት» እና «ሐሞት» የሚሉት ቃላት በሁለቱም መካከል ይወድቃሉ። ሁለተኛ፣ እናት ልጇ ፊት የማትናገረው ነገር አለ። ስለ ወር አበባዋ፣ ስለ ውርጃዋ፣ ስለ ትዳሯ፣ ስለ ጭንቀቷ ልጇን አስቀምጣ አትናገርም። አባትም ልጁ ፊት ደም እንደሚሸና አይናገርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እየተባልን ያደግን ሰዎች፣ ራሳችን የሚያስደብቅ ሁኔታ ፈጥረን ሐኪም ፊት እንቀርባለን። ልጁም ቢሆን አባቱ ካንሰር እንዳለበት በራሱ አፍ ለአባቱ የሚያረዳ የመጀመሪያው ሰው መሆን የለበትም። ያን ሸክም ለ12 ዓመት ልጅ ማሸከም ተገቢ አይደለም።

ሌላው ወገን ደግሞ «እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚለው ነው። ሃያ ዓመት የኖረ፣ ታክሲ የነዳ፣ ሱቅ የከፈተ፣ ዲግሪ የያዘ። አልተሳሳተም፤ ይችላል። ግን መቻል ስንት ዓይነት ነው? እኔ ማስተርሴን የሠራሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ የምቀመጠውም በእሱ ነው። ሆኖም ሕመም በአማርኛ ይወጋል፣ ይቆርጣል፣ ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይነዘንዛል፣ ይሰቀስቃል። እነዚህን አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ በል ብባል፣ ያውም እያመመኝ፣ ግማሹ «ያመኛል» ሆኖ ይቀራል። ለሐኪም ግን በሚወጋና በሚያቃጥል መካከል ያለው ልዩነት የምርመራው ግማሽ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ አለመማር አይደለም።

ሐሜት ሰግቶ የሚተወውም ብዙ ነው። «አስተርጓሚው የሰፈራችን ሰው ቢሆንስ? ነገ ማኅበር ላይ ቢያወራብኝስ?» ይህን ስጋት አላቃልለውም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ወሬ ክንፍ አለው፣ የፖለቲካና የብሔር መጠራጠሩም ተጨምሮበታል። ግን መፍትሔ አለው። ሙያተኛ አስተርጓሚ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ካልተመቸን ሌላ ይቀየርልኝ ማለት ይቻላል። በስልክ የሚያስተረጉም ጠይቁ፤ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ ግዛት የተቀመጠ፣ ፊታችሁን የማያይ ሰው ይሆናል። ሐሜትን ፈርቶ የሰፈር ልጅ ይዞ ከመሄድ ይሄ በስንት ጣዕሙ።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ መብታችንን እንወቅ። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል፣ ይህም ማለት አብዛኛው ሆስፒታል፣ ለታካሚው አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና መድን ሕግ ናቸው። «የራስህን አስተርጓሚ ይዘህ ና» ሊሉን አይችሉም፤ ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር በልጅ ማስተርጎምም አይችሉም። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቃት ያለው ሰው እንዲያየው ያዛል። በማርች 2025 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ያደረገ የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ ወጥቶ በ2000 ስለ ቋንቋ አገልግሎት የወጣውን ትዕዛዝ ሽሯል፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት መብቱ የቀረ መስሎታል። ሕጎቹ ግን በኮንግረስ የወጡ ናቸው፤ በትዕዛዝ አይሻሩም። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የተለየ ዕድል አላችሁ። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥም በወንጀል የተጠረጠረ ሰው በሚገባው ቋንቋ አስተርጓሚ የማግኘት መብት በ2010 በወጣ መመሪያ ተደንግጓል። እነዚህ መብቶች ካልጠየቅናቸው ግን ወረቀት ላይ ይቀራሉ። ቀጠሮ ስትይዙ ያኔውኑ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ሐኪሙ ፊት ከደረሱ በኋላ ከመጠየቅ ያኔ ይቀላል።

ሁለተኛው ምክር መብት ባለበትም በሌለበትም ይሠራል፤ በተለይ ቤሩትም ሆነ ሪያድ አስተርጓሚ ለማታገኙ። የበሽታውን ስም አትስጡ፤ የሆነውን ተናገሩ። የኩባው ቤተሰብ «ኢንቶክሲካዶ» በሚለው አንድ ቃል ፋንታ «ሃምበርገር በልቶ ነበር፤ ከዚያ ራሱን አመመው፤ ከዚያ ወደቀ» ቢሉ ኖሮ ማንም ስካር ነው አይልም ነበር። እኛም «የወፍ በሽታ» ከማለት «ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ሽንቴ ጠቁሮ ነበር» እንበል። «እግሬን» ከማለት በጣት እናሳይ። «ደሜ ወርዷል» ከማለት «ስነሳ ያዞረኛል» እንበል። ስም የሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ያወጣል። ዓይን ቢጫ መሆን ግን በሁሉም ቋንቋ ዓይን ቢጫ መሆን ነው። መድኃኒት ሲታዘዝ ደግሞ ሰዓቱን በቁጥር ብቻ አትቀበሉ፤ «ጠዋት ነው ማታ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» በሉ።

ሦስተኛው ሁለቱን ቋንቋ አሳምረው ለሚያውቁ ወጣቶቻችን ነው። አስተርጓሚነት «ቋንቋ ስለምችል» ብቻ የሚሠራ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም፤ ሥልጠና ያለው፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ነፍስ የሚያድን ሙያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቃል ለቃል የሚያዛምድ ሞልቷል። «ቆይ፣ የቱን ማለትዎ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አማርኛ አዋቂ ግን እናቶቻችን በተኙበት ሆስፒታል ሁሉ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን ሁላችንም የምንችላት አንድ ነገር አለች። ሐኪም፣ ዳኛ ወይም የኢሚግሬሽን መኮንን «ገባኝ» ሲል አንመነው። «የገባህን መልሰህ ንገረኝ» ማለት ድፍረት አይደለም። ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም ብሎ ያሳደገን ይሉኝታ ለማኅበርና ለሰርግ ቤት ጥሩ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን ይሉኝታ ሰው ይገድላል።